መብራት የመጣበት ሰዓት

ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማክሰኞ መብራት የጠፋው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ።

ሰዓቱን ለምን እንደፈለግሽው አልነገርሽኝም። እኔም ሳልጠይቅ ከደብተሬ ገልብጬ ሰጠሁሽ። ደብተሬ ላይ ስህተት የለም።

ልጄ ሪሀና፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ አሟታል፤ "ለሪሀና እንዳትጽፍ" ብላኝ ነበር፣ ይኸው ጻፍኩ። ስልክ ለምን አታነሡም ላልሽው፣ ባነሣውም ያው ነው። ቀኝ ጆሮዬ ከሞተ ቆይቷል፤ ግራው የቀረው ጥቂት ነበር፣ እሱም ከክረምት ወዲህ ሄዷል። ሃያ ሁለት ዓመት ምድር ቤት ከጀኔሬተር ጋር የዋለ ሰው ሌላ ምን ይጠብቃል። የስልኩ ፊደል ለእኔ ጣት አልተሠራም። ወረቀት ይሻለኛል። ሊባን በሳምንት ሁለቴ ከላምበረት መናኸሪያ ደሴ አውቶቡስ ይነዳል። ፖስታውን ከመሪው በላይ ይሰካዋል፤ ከደሴ ወደ እናንተ ተራራ የሚወጣው መኪና ያደርስልሻል። "የአንተን ደብዳቤ የያዝኩ ቀን ትራፊክ አያስቆመኝም" ይላል። ውሸቱን ነው፤ ባለፈው ሁለቴ ተቀጥቷል።

አንድ ወሬ አለኝ። ከከተማው አስተዳደር ገብረኣብ የሚባል መሐንዲስ መጥቶ ነበር፣ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ረጋ ያለ ሰው። ከተማው የቦሌን ሕንፃዎች ከናፍጣ ሊያላቅቅ አስቧል። የሚገዛው ኃይል ሁሉ ከውሃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ብቻ እንዲሆን ሊፈርም ነው፤ ከእናንተም ተራራ ማለት ነው። ግን አለቆቹ ፈርተዋል። "መብራቱ የማይታመን ከሆነ ጀኔሬተሩን አንሡ ብለን ሰውን እንዴት እናዝዛለን" ይላሉ። ስለዚህ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ማወቅ ይፈልጋሉ። ያንን በእጁ ጽፎ የያዘ ሰው ቦሌ ላይ አንድ ብቻ ነው። የሠላሳ አራት ሕንፃ ጀኔሬተር የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ መቼ እንደጠፋ፣ መቼ እንደመጣ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ጽፌያለሁ።

ገብረኣብ ደብተሮቹን ሲያይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በምይዛት ወረቀት ላይ "ጋሼ፣ ከተማው የሚወስነው በዚህ ነው" ብሎ ጻፈልኝ። ለእናትሽ አሳየኋት።

አባትሽ አብዱልጀባር


ጥቅምት 14 ቀን 2018

አባ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ለእማ ጉልበት ቅባት ልኬያለሁ፣ ሊባን ጋ ነው። ስለ ግራ ጆሮዎ ከክረምት ጀምሮ አለመንገርዎን ግን ለብቻው እንነጋገርበታለን።

ሰዓቱን ለምን እንደጠየቅኩ ሳልነግርዎ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዴት እንደምጽፈው ስላላወቅኩ ነው።

እዚህ አርባ ሁለት የነፋስ ተርባይን አለን፤ የምናዞራቸው ግን በራሳችን ፈቃድ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ማዘዣ ክፍል ይህን ያህል ስጡ፣ ይህን ያህል ቀንሱ ይለናል። ኤሌክትሪክ እንደ እህል ጎተራ አይገባም፤ የሚወስደው ሰው ከሌለ ማሽኑን ማቆም ነው። ማክሰኞ ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ግሩም ነበር። ስድስት ከሩብ ላይ "የቦሌ መስመር ወድቋል፣ ቀንሱ" አሉን። ዘጠኝ ተርባይን አቆምን። ስድስት ከአርባ ላይ "መስመሩ ተነሥቷል" የሚል መልእክት መጣ። ግን አስነሡ አላሉንም። ደውዬ ጠየቅኩ። "ኃይሉ ቦሌ ደርሷል፣ የሚወስደው የለም" አለኝ ሰውዬው፤ እሱም ገርሞታል። ዘጠኙ ማሽኖች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ነፋሱን እያሳለፉ ቆሙ።

እርስዎ መብራቱ የመጣው ዘጠኝ ከአምስት ላይ ነው አሉ። የእኛ መዝገብ ስድስት ከአርባ ይላል። በመዝገባችን ሌሎች አሥራ አንድ ቀኖችንም አየሁ። መስመሩ ተነሥቶም ኃይሉን የሚወስደው የለም።

አባ፣ ተሳስተዋል አላልኩም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እዚያ ምድር ቤት መብራት መምጣቱን የሚያየው ማነው?

ተርባይኑ ምን ያክላል ላሉኝ፣ አንዱ ክንፍ ብቻ አምስት የደሴ አውቶቡስ ቢደረደር ያክላል። አንድ ጊዜ ሲዞር የቤታችንን የአንድ ቀን መብራት ይሰጣል። ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ አሁንም ከሥሩ ሳልፍ ቀና ሳልል አላልፍም።

ልጅዎ ሪሀና


ጥቅምት 22 ቀን 2018

ደብዳቤሽን አንብቤ ለእናትሽ ሳላሳያት ኪሴ ከተትኩት። አራት ቀን ኪሴ ውስጥ ዋለ።

ማነው የሚያየው ብለሻል። ማንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት ሲጠፋ ጥበቃው ጀኔሬተሩን ያስነሣና የኃይል ማዞሪያውን ወደ እሱ ይገለብጠዋል። ከዚያ በኋላ ሕንፃው ሁሉ ብርሃን ነው። መብራት ቢመጣ በምን ይታወቃል? ደሴ ሳለን የሰፈሩ ልጆች "መጣ!" ብለው ይጮኹ ነበር። ቦሌ ላይ ማንም አይጮኽም። ጥበቃዎቹ እኔ ሳልደርስ ማዞሪያውን አይነኩም፤ ትእዛዙ የእኔ ነው። ከሕንፃ ሕንፃ በእግሬ እሄዳለሁ። እደርሳለሁ፣ መስመሩን እለካለሁ፣ አዞራለሁ፣ ሰዓቴን አይቼ እጽፋለሁ። ሠላሳ አራተኛው ጋ እስክደርስ ሦስት ሰዓት ይሞላል። "መብራት የመጣበት ሰዓት" ብዬ ባሰመርኩት ዓምድ ሥር የጻፍኩት እኔ የመጣሁበትን ሰዓት ነው።

አስቤበት አላውቅም ብል ታምኚኛለሽ? ለእኔ መብራት የሚመጣው እኔ ሳዞረው ነበር።

ትእዛዙን ለምን እንዳወጣሁ አልጠየቅሽኝም፤ ግን እነግርሻለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከመድኃኔዓለም ጀርባ ያለውን የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ታውቂዋለሽ፤ አንቺን ለክትባት የወሰድንበት ነው። መብራት መጣ፤ የዚያን ጊዜው ጥበቃ ወዲያው አዞረው። መልሶ ጠፋ፤ ኃይሉ በርትቶ መጣ፤ እንደገና ጠፋ። የሕፃናቱ ማሞቂያዎች ተቃጠሉ። አንዱ ውስጥ በሰባት ወሩ የተወለደ ልጅ ነበር። ሲስተር ፀደንያ ደረቷ ላይ ታቅፋ በታክሲ ወደ ሌላ ሆስፒታል ይዛው ሮጠች። አልደረሰም።

ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ሳልመጣ ማንም አያዞርም አልኩ። ሠላሳ አራቱም ባለሕንፃዎች ተቀበሉኝ። የታመንኩት በዚህ ነው።

አባትሽ


ጥቅምት 28 ቀን 2018

አባ፣

የልጁን ነገር አላውቅም ነበር። ነፍሱን አላህ በጀነት ያኑራት።

ትእዛዙ ልክ ነበር። በዚያን ጊዜ መስመር፣ በዚያ ማዞሪያ፣ እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። አሁን ግን መስመሩ ተቀይሯል፤ ኃይሉን የሚመጥንና ራሱ የሚያዞር መሣሪያም አለ። ያልተቀየረው የእርስዎ ቃል ነው፤ ሰዎቹ ስለሚያምኑዎት።

ትንሽ ነገር ላስቸግርዎ። በየምድር ቤቱ፣ ከማዞሪያው በፊት፣ መብራት ከሚገባበት ወገን አንዲት ቀይ አምፖል ያብሩ። ሕንፃው በጀኔሬተር ቢሠራም ያቺ አምፖል የምትበራው መብራት ሲመጣ ብቻ ነው። ጥበቃዎቹ የበራችበትን ደቂቃ ይጻፉ። ማዞሪያውን አይንኩ። መጻፍ ብቻ።

ከዚያ በኋላ ለገብረኣብ መንገሩን ለእርስዎ እተወዋለሁ። እንዲህ አልኩ እንጂ አልተውኩትም፣ ያውቁኛል። ከተማው አልችልም የሚለው በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ሪሀና


ኅዳር 25 ቀን 2018

አምፖሎቹን ሰቅያለሁ። ሠላሳ አራቱንም።

ምን አዩ ብለሽ በሁለት ደብዳቤ ጠይቀሽኛል። ዝም ያልኩት ሦስት ሳምንት እስኪሞላ ነው። በአንድ ቀን ልፈርድ አልፈለግኩም።

የመጀመሪያው ቀን ክሊኒኩ ምድር ቤት ነበርኩ። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ጠፋ። የአሁኑ ጥበቃ ገረመው ጀኔሬተሩን አስነሣ። እንደልማዴ እጄን በጀኔሬተሩ ገላ ላይ አደረግኩ፤ በደንብ እየሠራ መሆኑን የምሰማው በመዳፌ ነው። አምፖሏ ፊት ለፊቴ ነበረች። አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ ብዬ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ።

በዘጠኝ ደቂቃ በራች።

ተነሥቼ ሽቦዋን ነካሁ፣ ለካሁ። ኃይሉ ሙሉ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። በአንድ እጄ ናፍጣ የሚጠጣ፣ የሚያጨስ፣ እንደ ታሰረ በሬ የሚንቀጠቀጥ ብረት ይዣለሁ። ሁለት ክንድ ርቆ ከእናንተ ተራራና ከወንዞቹ የመጣው ያ ነገር፣ ያን ሁሉ ገደል ተሻግሮ፣ ድምፅ ሳያሰማ በር ላይ ቆሟል። ግባ የሚለው የለም። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲቆም ኖሯል። ሱብሃነላህ አልኩ፤ ጮኼ ነው መሰል ገረመው ዘወር አለ።

ገረመው ሳይቀልድ አያልፍም። ወረቀቴን ተቀብሎ "ጋሼ፣ ለካ መብራትም የእርስዎን ፈቃድ ነው የሚጠብቀው" ብሎ ጻፈ። ልመታው እጄን አንሥቼ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ጠፋብኝ።

ቁጥሩ ይኸውልሽ። በሦስት ሳምንት አንድ ጀኔሬተር በአማካይ የሠራው አርባ አንድ ሰዓት ነው። መብራት በእውነት የጠፋው ስድስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ።

ሰኞ ክፍለ ከተማው አዳራሽ ስብሰባ አለ። ባለሕንፃዎቹ ይመጣሉ። ብናገር ስሜ ይጠፋል፤ ከስሜ ሌላ የያዝኩት ነገር ደግሞ የለም። እናትሽ "ማን ጠየቀህ?" ትላለች። እውነቷን ነው፣ ማንም አልጠየቀኝም።

አባትሽ


ታኅሣሥ 4 ቀን 2018

አባ፣ ሰኞ አለፈ። ሊባን ሁለቴ ደሴ መጣ፤ ሁለቴም ባዶ እጁን። "አባትሽ ላምበረት ድረስ መጥቶ፣ ቆሞ ቆሞ ተመለሰ" አለኝ በስልክ። ለምን? ተናገሩ ወይስ አልተናገሩም? ማንኛውም ቢሆን ይጻፉልኝ። ባይናገሩም ልጅዎ ነኝ።

ሪሀና


ታኅሣሥ 10 ቀን 2018

ተናገርኩ።

ላምበረት የመጣሁ ቀን ፖስታው ኪሴ ነበር። ውስጡ ያለው ግን ለአንቺ ጥሩ ጥሩውን ብቻ መርጬ የጻፍኩት ነበር። ቀደድኩት። ይቅር በይኝ፤ ይኸኛው ሁሉንም ይዟል።

አዳራሹ ውስጥ ስልሳ ያህል ሰው ነበር። ገብረኣብ ሰንጠረዡን ግድግዳው ላይ አሳየ፦ በሳምንት አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል። የእኔ ቁጥር ነው። ሰብሳቢው "በዚህ ቁጥር ከተማው አይፈርምም" ብለው ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እጄን አነሣሁ። ድምፄን ስለማልሰማው ጮኼ ይሁን አንሾካሽኬ አላውቅም። ደብተሩን ከፍቼ "ይህ ዓምድ ትክክል አይደለም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ስለ ማዞሪያው፣ ስለ ትእዛዜ፣ ስለ አምፖሎቹ ነገርኳቸው። ስለ ልጁም።

ከፊት የተቀመጠ ባለሕንፃ ተነሥቶ እጁን እያወራጨ ተናገረ። ምን አለ ብዬ ገብረኣብን ጠየቅኩት። መጻፍ አልፈለገም። አስገደድኩት። "አሥራ ሁለት ዓመት ጨለማ ሲያከራየን የኖረው ይህ ሰውዬ ነው" ይላል። አንብቤ "ልክ ነው" አልኩ። ሳቁ። ሰውዬው ግን አልሳቀም፤ የምድር ቤቱን ቁልፍ እዚያው ተቀበለኝ። ከእሱ በኋላ ሌሎች አሥራ ሁለት ባለሕንፃዎች ቁልፋቸውን ተቀበሉኝ።

ቀጥሎ ያየሁትን ልንገርሽ። ሰብሳቢው "እሺ፣ ታዲያ በሳምንት የሚጠፋው ስንት ነው?" ብለው ጠየቁ፤ ከከንፈራቸው ገባኝ። ገብረኣብ ሁለት ጣቱን አሳየ። ሁለት ሰዓት። ዝምታውን እኔም አየሁት፤ የሰው አፍ ሲቆም ይታያል። ከዚያ አንዱ ወደ ጣሪያው አምፖል ቀና አለ፣ ሌላው ተከተለው። ስልሳ ሰው አንጋጦ የበራ አምፖል አየ፣ የረመዳንን ጨረቃ እንደሚፈልግ ሰው። ዕድሜዬን በሙሉ ከመብራት ጋር ኖሬ ሰው መብራትን ሲያይ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ውሳኔው ይህ ነው። መጀመሪያ አንድ ሕንፃ ጀኔሬተሩን ይጥላል። ራሱ የሚያዞረው መሣሪያና ባትሪ ይገባለታል። ሦስት ወር ሳይጎዳ ከቆመ ከተማው ለሁሉም ይፈርማል። የተመረጠው ክሊኒኩ ነው። ለምን እሱ ስላቸው ገብረኣብ "እዚያ ከተሳካ ማንም ሰበብ አያገኝም" ብሎ ጻፈልኝ። ሲስተር ፀደንያ አጠገቤ ነበረች። ወረቀቱን ነጥቃ ከሥሩ ጨመረች፦ "አብዱልጀባር ካልፈረመ እኔም አልፈርምም። ያን ልጅ የታቀፍኩት እኔ ነኝ።"

አልፈረምኩም። መሣሪያውን አውቀዋለሁ፤ ሽቦውን አውቀዋለሁ። ከሽቦው ወዲያ ያለውን ግን አይቼው አላውቅም። ያላየሁትን ነገር ሕፃናት ላይ አልፈርምም።

ከሊባን ጋር ሐሙስ እነሣለሁ። ብርድ ልብስ አዘጋጂ።

አባትሽ


ጥር 28 ቀን 2018

ሪሀና፣ ይህን የምጽፍልሽ ክፍለ ከተማ፣ ንግድ ፈቃድ ክፍል፣ ወረፋ ላይ ሆኜ ነው። ፈቃዴ ላይ "የጀኔሬተር ጥገና" የሚለውን ላስቀይር መጥቻለሁ። በምን እንደሚተኩት አላወቁም፤ ሁለት መስኮት ልከውኛል። ቁጥሬ ሠላሳ ዘጠኝ ነው፣ የገቡት ሠላሳ ስድስት።

ተራራው ላይ እጄን ከተርባይኑ ግንድ ሳላነሣ ለምን ያን ያህል እንደቆምኩ ጠይቀሽኛል። ያን ጊዜ የአየሩ ቅዝቃዜ ነው ብዬሽ አመለጥኩ።

ሃያ ሁለት ዓመት ማሽን በመዳፌ ሳዳምጥ ኖሬያለሁ። የታመመውን፣ ዘይት የጎደለውን፣ ሊሞት የደረሰውን በገላው አውቃለሁ። ያንን ነጭ ግንድ ስነካ አንድ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ያን የሚያክል ነገር ያን ያህል መናወጥ አለበት ብዬ። ምንም አልነበረም። እጄ ተሳስቷል ብዬ ጓንቴን አወለቅኩ። ቆይቶ ቆይቶ ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ የተኛ ሰው ትንፋሽ የመሰለ ነገር መጣ። ሄደ። መጣ። ቀና ስል ያ ክንፍ ደመናውን እየቀደደ በላዬ ያልፋል። ምንም አይቃጠልም። ምንም አያልቅም። አንቺ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስኮት ሆነሽ በእጅሽ ስታሳዪኝ አንዱ ቆመ፣ ሌላው ተነሣ። ጣትሽ ከቁልፉ ሳይነሣ ኃይሉ ቦሌ ደርሶ ነበር። አልቅሼ አይደለም፣ ነፋስ ነው።

ስመለስ ፈረምኩ። ሲስተር ፀደንያ ብዕሯን ይዛ አጠገቤ ቆመች፤ እኔ ስጨርስ ፈረመች። ጀኔሬተሩን ጥር 16፣ ቅዳሜ፣ በክሬን አወጡት። ገረመው ወንበሩን ጀኔሬተሩ የነበረበት ቦታ ላይ አድርጎ "ሳሎን አገኘሁ" ይላል። ባትሪዎቹ ግድግዳው ላይ ናቸው፤ ቁም ሣጥን ይመስላሉ። እስካሁን መብራት አልጠፋም። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ። ሰው መብራት እንዲጠፋለት ሲመኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ማሞቂያዎቹ ውስጥ ዛሬ ሦስት ሕፃናት አሉ። ጠዋት አልፌ አይቻቸዋለሁ። አንዷ ከመዳፌ አትበልጥም።

ሠላሳ ሰባት ገባ።

አሁን ጠፋ። ኮምፒውተሮቹ ጠቆሩ፤ የመስኮቷ ልጅ ሁለት እጇን ዘረጋችና ተቀመጠች። ሰዓቴ አምስት ከሃያ ሁለት ይላል። መስኮት ሄጄ አየሁ፤ እስከ መድኃኔዓለም ድረስ ያሉት ሕንፃዎች ጭስ መትፋት ጀምረዋል። ከክሊኒኩ ወገን ጭስ አይታይም። መታየትም የለበትም።

ከኋላዬ ያሉት ሴትዮ እጄን ነክተው ወረቀቴ ላይ "ተራዎ ሊደርስ ነው፣ የት ይሄዳሉ?" ብለው ጻፉልኝ። ፎርሙን ለእሳቸው ሰጥቻለሁ። ደብዳቤውን በዚያው ለሊባን አደርሰዋለሁ። በቃ፣ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ።